እጅህን ከኪሴ አውጣ

ወድቆ የሞተ ሰው ሲገኝ፣ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ነው። ኢንስፔክተር ሙዓዊያ ግን መጀመሪያ ያየው የሟቹን ኪስ ነበር።

ነገሩ የሆነው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ነው። ከቲካ መንገድ ገባ ሲሉ ፎቆቹ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የቆሙበት ሰፈር አለ። በሁለት ፎቆች መካከል ቆሻሻ ውኃ ብቻ የሚያልፍበት ጠባብ ጓሮ ነበር፤ ከአንዱ ፎቅ የሚኖሩት ሐበሻው ሽማግሌ ጋሽ ገብረመድኅን እዚያ ወድቀው አደሩ። ጠዋት ቧንቧ ሊከፍት የወረደው ዘበኛው ሙቲሶ አገኛቸው። ያን ሁሉ መስኮት አስቡት ልጆቼ። ከየመስኮቱ ቴሌቪዥን ሲጮህ፣ ሽንኩርት ሲጠበስ አምሽቷል፤ ሽማግሌው ግን ብቻቸውን አደሩ።

እንደ ወትሮው ግራጫ ኮታቸውን ለብሰዋል። ከኮቱ ውስጥ፣ በግራ ደረት በኩል፣ በእጅ የተሰፋ ኪስ አለ። ወፍራም ጂንስ ነው፤ ማንኛውም ስልክ ከሚፈልገው በላይ ሰፊና ጥልቅ። ጨርቁ ለብዙ ጊዜ የያዘውን ነገር ቅርፅ ይዞ ቀርቷል። ውስጡ ግን ባዶ ነው። አፉ ላይ ስፌቱ ተተርትሯል።

«እዚህ ውስጥ የነበረው ምንድነው?» አለ ሙዓዊያ በስዋሂሊ።

«ኮምፒውተሩ» አለ ሙቲሶ። «ራሱ የሠራት ትንሽ ኮምፒውተር አለችው። ምዜ ያለሷ ሽንት ቤትም አይሄድም።» ሽማግሌውን ምዜ ነበር የሚላቸው፤ በአክብሮት።

«አሁን የት አለች?»

«እኔ ሳገኘው አልነበረችም።»

ሙዓዊያ ደረጃውን ሽቅብ ወጥቶ ጣሪያው ላይ ቆመ። የውኃ ታንከሮች፣ የልብስ ገመድ፣ ከጉልበት የማያልፍ አጥር። ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ተቀምጣለች፤ ከሷ የወጣው ሽቦ መጨረሻው ላይ ምንም ሳይነካ ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው ኮምፒውተራቸውን እዚህ ነበር በፀሐይ የሚሞሉት።

ስለዚህ ሰው ትንሽ ልንገራችሁ። ሙዓዊያ የኬንያ ፖሊስ ነው፣ የሞያሌ ልጅ። እናቱ ከወዲያኛው ሞያሌ፣ ከኢትዮጵያ በኩል ነበረች፤ አማርኛውን ያገኘው ከእሷ አፍ ነው። የተማረው በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ስለሆነ የአማርኛ ፊደል የለቀመው ካደገ በኋላ፣ አንድ አንድ እያለ ነው፤ ሁሉንም አልጨረሰም። እናቱ ከሞተች ወዲህ አማርኛ የሚያወራው ከአክስቱ ጋር፣ አለዚያም አንድ ሐበሻ ሲሞት ወይም ሲዘረፍ ብቻ ሆነ። ለአክስቱ መልእክት ሲልክ አይጽፍም፤ ስልኩን ወደ አፉ አስጠግቶ ቀስ ብሎ ይናገራል፣ ስልኩ ይጽፍለታል።

* * *

የሟቹ ልጅ ሠናይት ኪሌሌሽዋ ነው የምትኖረው፤ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። በር ስትከፍትለት ሁለት የተለያየ ጫማ አድርጋ ነበር። ሙዓዊያ አይቶ እንዳላየ ገባ።

«መልእክቱን ልታሳዪኝ ትችያለሽ እህቴ?»

«ደግሜ አላየውም። ሌላው ፖሊስ ፎቶ አንስቶታል፤ ይኸው በወረቀት አውጥቶ ሰጥቶኛል፤ ይውሰዱት። እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

ሙዓዊያ ወረቀቱን ተቀብሎ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ፊደል በፊደል ለቀመው። ከአባቷ ስልክ ቁጥር፣ ከትናንት በስቲያ ምሽት የተላከ ነው። «ሰናይት ልጄ ደከመኝ አትፈልጊኝ ይቅር በይኝ» ይላል።

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«በስልክ ነው የተጣላነው። ማለት ስለ ስልክ።» ሳቅ ሊመጣባት ነበር፣ መለሰችው። «ጥሩ ስልክ ገዛሁለት፤ ፎቶ ልልክለት፣ ፊቱን ላየው። በካርቶኑ መለሰልኝ። ‹ይሄ የሚታዘዘው ለማን ነው?› አለኝ። ‹ላንተ ነዋ!› አልኩት። ‹የኔ ከሆነ ቁልፉ ለምን ሌላ ሰው ጋ ይሆናል? ባትሪውን ልቀይር ብል አይከፈት፣ አልፈልግም ብልም ይከታተለኛል፣ አርጅቷል ብለው ከሩቅ ያጠፉታል› አለኝ። የራሱን እየሠራ ነበር፤ ባለቤቱ እንደፈለገ የሚፈታት፣ የሚያዛት የኪስ ኮምፒውተር።»

«አንቺስ?»

«ተናደድኩ። እንደ ሰው ስልክ እስክትይዝ አላናግርህም አልኩት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ በዚያች ኮምፒውተሩ መልእክት ይልካል። እኔ አልመልስም። መጨረሻ ላይ ይሄ መጣ።»

መስኮቱን ዘግታ ዞረች። «እኔ ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። አባቴ በራሱ ፈቃድ ነው ትቶኝ የሄደው?»

ሙዓዊያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

* * *

አለቃው መልስ ነበረው። «ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። የስንብት መልእክት ልኳል፤ ወድቋል። ዕቃውን መንገደኛ ወስዶታል። ፋይሉን ዝጋው።»

«መንገደኛ የኪስ ስፌት ተርትሮ ይወስዳል?»

«ናይሮቢ ውስጥ? ኮቱንም ይወስዳል!»

«ኮቱን ግን አልወሰደም» አለ ሙዓዊያ። አለቃው እጁን አወናጨፈ፤ እስቲ ሞክር ማለቱ ነው።

ከጋሽ ገብረመድኅን ፎቅ ዝቅ ብሎ ላሚያ የምትባል የአዲስ አበባ ሴት ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። በረንዳዋ ላይ የተሰጣ ልብስ እያነሳች ነው ያነጋገረችው።

«ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳሰጣ ከጣሪያው ሲጮኹ ሰማኋቸው። ‹እጅህን ከኪሴ አውጣ! እጅህን ከኪሴ አውጣ አልኩህ!› ከዚያ ዝም።»

«ለማን ነው የሚሉት?»

«አላየሁም። ሌባ ወጥቶባቸው አባረሩት ብዬ ነው። እናንተ ደግሞ ምሽት ላይ ለልጃቸው መልእክት ላኩ ትላላችሁ፤ ስለዚህ ያኔ ምንም አልሆኑም ማለት ነው አይደል?»

«የወደቀ ነገር አልሰማሽም?»

«ወንድሜ፣ እዚህ ሰፈር የማይወድቅ ነገር አለ? ድስት ይወድቃል፣ ልጅ ይወድቃል፣ መብራት ራሱ ይወድቃል።» አለችና ወዲያው ደነገጠች። አንሶላውን ፊቷ ላይ ያዘች። «ጎረቤቴ ነበሩ እኮ። አንድ ቀን እንኳን ገብተው ሻይ ይጠጡ አላልኳቸውም።»

ማን ይመጣባቸው እንደነበር ጠየቃት። ሱሩር የሚሉት አንድ የኢስሊ ነጋዴ አለ አለችው። በቀደም ደረጃው ላይ ሲጨቃጨቁ ፎቁ ሁሉ ሰምቷል።

ኪስ የሚገባ እጅና የሚጨቃጨቅ ነጋዴ! ሙዓዊያ ማታቱ ተሳፍሮ ወደ ኢስሊ ሲሄድ ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር።

* * *

የሱሩር ሱቅ ከአንድ የገበያ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው። ግድግዳው በስልክ ስክሪንና ባትሪ ተሸፍኗል። ሱሩር ራሱ ቀጭን፣ ዓይኑ የማያርፍ፣ አፉም የማያርፍ ሰው ነው።

«ፖሊስ? አማርኛ ተናጋሪ ፖሊስ? ሱብሃነላህ! በአማርኛ ልታሰር ነው እንግዲህ!»

«ጋሽ ገብረመድኅን ሞተዋል።»

ሱሩር በእጁ የያዘውን ስክሪን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የት ነበርክ?»

«የአጎቴ ልጅ ኒካህ ላይ። ቪዲዮው አለ። ስጨፍር ታየኛለህ፤ ለማንም እንዳታሳይብኝ እንጂ።»

«ደረጃው ላይ የተጨቃጨቃችሁትስ?»

«ስክሪን ወሰድኩላቸው። ኩባንያው ሌላ ማሽን ላይ እንዳይሠራ የቆለፈው ሆኖ ተገኘ። ‹ሱሩር! ቁልፍ ሸጥክልኝ እኮ፣ ስክሪን አይደለም!› ብለው ጮኹብኝ። በማግስቱ ቀየርኩላቸው፣ ታረቅን።»

ሙዓዊያ የመጨረሻውን ጥያቄ አወጣ። «‹እጅህን ከኪሴ አውጣ› ብለው የጮኹትስ ባንተ ላይ አይደለም?»

ሱሩር ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ዓይኑ ውኃ ሞላ።

«ከኪሳቸው አይደለም ኢንስፔክተር። ከኪሴ! ኪሴ ስሟ ነው። የኮምፒውተሯ ስም። ‹ኪሴ ዛሬ ሞቃለች፣ ኪሴ ባትሪ ትፈልጋለች› ነው የሚሉት። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ሰውዬው ታመዋል ብዬ ነበር።»

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ተገለበጠ፤ የተፈለገው ሌላ ነገር አልነበረም፣ ራሷ ማሽኗ ነበረች።

ሱሩር በርጩማ አውጥቶ አስቀመጠው። «ለምን እንደጀመሯት ታውቃለህ? ሚስታቸው ስትሞት ስልኳን ይዘው መጡ። ድምጿን ቀድታበት ነበር፤ ለልጇ የምታንጎራጉረውን፣ የምትቆጣውን፣ ሁሉን። ስልኩ ተቆለፈ፣ ቁልፉን የምታውቀው ሟቿ ናት። ኩባንያውን ለመኑ፤ በሷ ስም ነው፣ አይቻልም አሏቸው። እኔ ያልከፈትኩት ስልክ የለም ወላሂ፤ ይሄን አልቻልኩም። ያቺ ወንበር ላይ ተቀምጠው ‹ሚስቴ ውስጥ ናት፣ በሩ ግን የሌላ ሰው ነው› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ባለቤቱን ደጅ የማያስጠና ነገር እሠራለሁ ያሉት። ድምፅ የሚሰማ ዕቃ አያምኑም ነበር፤ ኪሴ ጆሮ፣ ማለት ማይክ፣ እንኳን የላትም። ሰው ሳያውቅ ታዳምጣለች ብለው አልሠሩላትም። ጆሮ የሌለው ስልክ ምን ይባላል ብዬ ስንት ስቄባቸዋለሁ!»

«ማን ያውቃት ነበር?»

«እኔና ዮአብ። የፕሮግራም ልጅ ነው፣ አብሯቸው ይሠራ ነበር። ያን ቀን ምሽት ሁርሊንግሃም፣ ሚጣ ቤት፣ ለሐበሻው ሁሉ ሊያሳዩአት ነበር። አሠራሯንም በነፃ ሊሰጡ፤ የፈለገ ይሥራት ብለው። እኔ ኒካህ ስለነበረብኝ ቀረሁ።» አፍንጫውን ጠረገ። «ሠርግ ይሻላል ብዬ።»

* * *

የሚጣ ምግብ ቤት ከአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ዳር ነው። ሚጣ ወፈር ያለች፣ ማንንም የኔ ጌታ የምትል ሴት ናት። ዮአብ እዚያው ጥግ ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ተቀምጧል። ናይሮቢ ያደገ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ፖሌ ሳና ጋሼ፣ በጣም ያሳዝናል፣ አይ ኬንት ብሊቭ ኢት። እንደ አባቴ ነበር፣ ዩ ኖው? ከሱ ጋር ስንት ጊዜ ነው ጣሪያ ላይ የተቀመጥነው።»

«ያን ቀንስ ጣሪያው ላይ ነበርክ?»

«ኖ ኖ። እዚህ ነበርኩ። ወንበር ስናዘጋጅ፣ ፕሮጀክተር ስናስተካክል።»

«ምሽት ላይ ለልጃቸው መልእክት ልከዋል። ያኔ የት ነበርክ?»

«እዚህ! ሁሉም ሰው አይቶኛል። እንደውም ቴክስት እያደረግኩለት ነበር፣ ለምን አይመጣም ብዬ።»

ሚጣ ከባንኮኒው ሆና መሰከረች። «እውነቱን ነው የኔ ጌታ። የካሳራኒን መንገድ ርቀት ታውቀው የለ? መልእክቱ ሲላክ እዚህ ከነበረ፣ እዚያ ሊሆን አይችልም። ከጨለመ በኋላም ከዚህ አልተንቀሳቀሰም። ሰው ሁሉ ጋሽ ገብሬን ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ ፕሮጀክተሩ ባዶ ግድግዳ ላይ ሲያበራ አመሸ። ያ ባዶ ብርሃን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።»

ዮአብ ሽንት ቤት ሲገባ ሚጣ ጎንበስ ብላ አንሾካሾከች። «ይሄ ልጅ ግን ምስጢር አለው። የደበቃት ልጅ አለችው!»

«እንዴት?»

«ያን ምሽት ጓሮ፣ ታንከሩ ጋ ወጥቶ በስልክ ‹ልጄ… ልጄ…› ሲል ያዝኩት። ቀስ እያለ፣ አፍ ከሚፈታ ሕፃን ጋር እንደሚያወራ። ሚስት የለው፣ ምን የለው! ‹የማናት አንተ?› ስለው እንደ ቲማቲም ቀላ።»

ሙዓዊያም ሳቀ። ስቆ ወጣ። አያችሁ ልጆቼ፣ ነገሩ በእጁ ገብቶ ነበር፤ ሲስቅ አመለጠው።

* * *

የሠናይትን ጥያቄ ግን ሊያመልጠው አልቻለም። የአባቷን ዕቃ ልታወጣ በመጣች ቀን ካሳራኒ አብሯት ወጣ።

አንድ ክፍል ናት። ጠረጴዛው ላይ ትንንሽ የብሎን መፍቻዎች እንደ ማንኪያ ተደርድረዋል። መደርደሪያው ላይ ሁለት ብርጭቆ አለ፤ አንዱ ታጥቦ የተደፋ፣ ሌላው አቧራ የለበሰ። ሠናይት አቧራ የለበሰውን አንስታ በቀሚሷ ጠረገችውና መልሳ አስቀመጠችው።

መሳቢያው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ አሮጌ ስልክ አገኘች። ጀርባው ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ሙዓዊያ ሱሩር የነገረውን ነገራት። የእናቷን ድምፅ፣ የተቆለፈውን በር፣ ኪሴ ለምን እንደተሠራች። ሠናይት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«አልነገረኝም» አለች። «እኔ ግትርነት ነበር የመሰለኝ።»

ሙዓዊያ ፕላስተሩን ማንበብ ጀመረ። «የ…» ብሎ ቆመ። «ይሄ ፊደል ምንድነው? ሦስት ጣቱን ወደ ላይ የዘረጋው?»

«ሠ ነዋ። ‹የሠናይት እናት ድምፅ› ነው የሚለው።»

«ሰን አውቀዋለሁ። ሰ እግር ያለው ነው፣ እንደ ድንኳን።»

«እሱ እሳቱ ሰ ነው። ይሄ ንጉሡ ሠ። ሲነገሩ አንድ ናቸው፤ ሲጻፉ ነው የሚለዩት።» ከዚያች ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ላላ አለ። «የኔ ስም በንጉሡ ነው። አባቴ በዚህ ቀልድ አያውቅም። ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ አስተማሪዬን አርሞ አሳፍሮኛል።»

ሙዓዊያ ከኪሱ የመልእክቱን ፎቶ አወጣ። ፕላስተሩ አጠገብ አስቀመጠው።

ሠናይት አየች። ቀና ብላ አየችው፤ እንደገና አየች።

«ስልክሽን ክፈቺው እህቴ።»

«አልችልም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ። ከበላዩ ያሉትንም እንያቸው።»

ከፈተችው። በጣቷ ወደ ታች ሳበችው። ሳትመልስላቸው የቀሩት እሑዶች ተራ በተራ ወረዱ። «ሠናይት፣ እንዴት ነሽ። እዚህ ዝናብ ነው።» «ሠናይት፣ አቮካዶው በስሏል። ላምጣልሽ?» «ሠናይት፣ ደህና ነኝ። አትጨነቂ።» ሁሉም ሦስት ጣቱን ወደ ላይ በዘረጋው ፊደል ይጀምራሉ። የመጨረሻው ብቻ በድንኳኑ።

«ቢሮ ሁሉም በእሳቱ ነው የሚጽፉኝ» አለች። «ስልካቸው ነው የሚያቀርብላቸው። ስለለመድኩት አላየሁትም።»

ሙዓዊያ ሊፈትናት ፈለገ። «ሰው ሲጨንቀው ፊደል ይስታል እኮ።»

«ኪሴ ላይ ቃል የሚያቀርብ የለም። እያንዳንዷን ፊደል በጣቱ ነው የሚነካት። ደግሞ ሌላ ቃል ቢስት እሺ። እኔን አይስተኝም።»

ታዲያ ማን ጻፈው? ሙዓዊያ መስኮቱ ጋ ቆመ። አማርኛ የሚያውቅ፣ ፊደሉን ግን የማያውቅ ሰው። እንደኔ ያለ ሰው፣ ብሎ አሰበ። እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፈው። ከዚያ ራሱን አረመ፤ የለም፣ እኔ አልጽፍም። እኔ እናገራለሁ፣ ስልኩ ይጽፋል። ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል፣ አፍ ከሚፈታ ሕፃን ጋር እንደማወራ።

ያኔ የሚጣ ሹክሹክታ ጆሮው ላይ መጣ። ልጄ… ልጄ…

* * *

ለስልክ ኩባንያው ጥያቄ ጻፈ። መልሱ ሲመጣ አጭር ነበር፦ ያን ምሽት የሽማግሌው ሲም ካርድ የወትሮው ማሽን ውስጥ አልነበረም፤ ሌላ ስልክ ውስጥ ገብቶ ነበር። መልእክቱም የተላከው ከካሳራኒ አይደለም። ከሁርሊንግሃም ነው።

የዮአብ መከላከያ ራሱ ከሳሹ ሆነ። መልእክቱ ሲላክ እዚህ ነበርኩ ያለው እውነት ነው፤ መልእክቱም እዚያው ነበረ።

ሙዓዊያ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሚጣ ቤት ገባ። ዮአብ ጥጉ ላይ ነው። ሙዓዊያ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«አንድ ነገር አግዘኝ። የሠናይትን ስም በአማርኛ ጻፍልኝ።»

«ፎር ዋት?»

«ለፋይሉ። እኔ ፊደል ላይ ደካማ ነኝ።»

«አይም ኦልሶ…» አለ ዮአብ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። ስልኩን አወጣ። ሳያስበው፣ በልማድ፣ ወደ አፉ አስጠጋው። «ሠናይት» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ባንኮኒው ጋ የቆመችው ሚጣ በእጇ የያዘችው ሰሃን አመለጣት። «ይኸው! እንዲህ ነው! ያን ምሽት እንዲህ ነበር የሚያደርገው! ‹ደከመኝ› ሲል ሰምቼ ‹በዚህ ዕድሜህ?› ብዬ ቀልጄበታለሁ!»

ስልኩ የጻፈው ስም ስክሪኑ ላይ ቆሞ ነበር፤ በድንኳኑ ፊደል። ዮአብ አየው፣ ምኑ እንዳጋለጠው ግን አልገባውም።

«ሁለት ሰ አለ» አለው ሙዓዊያ፤ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «እኔም ገና አሁን ነው ያወቅኩት።»

ዮአብ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋው። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋበት።

«አንድ ኩባንያ ሊገዛት ተስማምቶ ነበር። ተዘግታ፣ ተቆልፋ፣ የኔ ሥራ ናት ብዬ። እሱ ግን ያን ምሽት ለሁሉም ሊሰጣት ነው። ከሰጣት በኋላ ማን ይፈልገኛል? ትንሽ ቆይ ልለው ነው የሄድኩት። ጣሪያው ላይ። ለመንኩት። ‹ይቺን ከቆለፍካት የሚስቴን ስልክ ነው እንደገና የምትሠራው› አለኝ። ኮቱ ውስጥ ነበረች። ጎተትኳት። ጋሽ ገብሬ አለቅም አለ። ‹እጅህን ከኪሴ አውጣ› አለኝ። እኔ ደግሞ ጎተትኩ። ስፌቱ ሲለቅ…» መዳፉን አየ። «እኔ እጅ ላይ ቀረች። እሱ ወደ ኋላ ሄደ።»

«ለምን ሰው አልጠራህም?»

«ወደ ታች አየሁ። አልተንቀሳቀሰም።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «መልእክቱን በራሷ በኪሴ ልልክ ሞከርኩ። ቁልፎቿ ላይ ምንም አልተጻፈባቸውም። ባናግራት አትሰማም። ስንት ወር ፕሮግራሟን አብሬው ሠርቼ፣ አንዲት የአማርኛ ቃል መጻፍ አቃተኝ።»

ኪሴ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውስጥ ተገኘች። ሚጣ የተሰበረውን ሰሃን ስትለቅም ነበር፤ ዮአብ በአጠገቧ ሲያልፍ ቀና አላለችም።

* * *

ማሽኗ ለማስረጃ ከመታሸጓ በፊት ሙዓዊያ ሠናይትን አስጠራት። ቢሮው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም፤ ውጪ የማታቱ ጥሩንባ ይሰማል።

«የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ» አላት። «አባትሽ ትቶሽ አልሄደም። ወሰዱት እንጂ።»

ራሷን ነቀነቀች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ኪሴን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። የጸሎት መጽሐፍ የምታክል፣ ከአሮጌ ራዲዮ ቆርቆሮ የተሠራች፣ ጀርባዋ ላይ በሳንቲም የሚፈቱ አራት ብሎኖች ያሏት ነገር ናት። ቁልፎቿ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ምንም ያልተጻፈባቸው። ሠናይት አበራቻት። የይለፍ ቃል አልጠየቀቻትም። ማን ነሽ አላለቻትም። ባዶ ነጭ ስክሪን ከፍታ ጠበቀቻት።

«እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለች።

«እኔም አላውቅም።»

በሁለት እጇ ያዘቻት፣ አባቷ ይይዙ እንደነበረው። የቀኝ አውራ ጣቷ ራሱ ሄዶ አንድ ቁልፍ ላይ አረፈ። ከሁሉም ቁልፎች የሚቀርበው፣ እጅ ሳይንቀሳቀስ የሚደረስበት ያ ነው። ከሌሎቹ ይልቅ ተልጦ ነጥቷል።

ተጫነችው።

ስክሪኑ ላይ ሦስት ጣቱን ወደ ላይ የዘረጋ ፊደል ወጣ።

ሙዓዊያ ጎንበስ ብሎ አየ። አሁን አወቀው። «እንዴት እዚህ አደረጉት?» አለ። «ይሄ ፊደል ብዙ አይፈለግም እኮ። አንቺው ነሽ ያልሽኝ፤ ሰው ሁሉ በሌላኛው ነው የሚጽፈው።»

ሠናይት መልስ ከመስጠቷ በፊት አንድ ጊዜ እንደገና ተጫነችው። እንደገና። በስክሪኑ ላይ ፊደሎቹ እጃቸውን ዘርግተው ተሰለፉ።

«አትፈልጊኝ አላለኝም» አለች። «ይፈልገኝ ነበር።»